ነፃ እና በነፃ

"ነፃ" የሚለው ቃላችን ብዙ የተጫነበት ቃል ነው። ገበያ ላይ "በነፃ ነው" ከተባለ አይከፈልበትም ማለት ነው። ፍርድ ቤት "በነፃ ተሰናበተ" ከተባለ ጥፋት አልተገኘበትም ማለት ነው። "ነፃ ሰው" ስንል ደግሞ ጌታ የሌለው፣ በራሱ የሚያዝ ማለታችን ነው። ሦስቱ አንድ ቃል ይጋሩ እንጂ አንድ ነገር አይደሉም። በነፃ ያገኘነው ሁሉ ነፃ አያወጣንም፤ ነፃ የሚያወጣንም ነገር ሁልጊዜ በነፃ አይመጣም። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም በዚሁ ጣጣ ይታመሳሉ፤ የእነሱም ቃል አንድ ነው።

ይህን ያነሳሁት ስለ ሰዋስው ለማውራት አይደለም። ከቃሉ ጀርባ አንድ የግብረ ገብ ጥያቄ አለ። አንድን ነገር በነፃ የተቀበለ ሰው ዕዳ አለበት ወይስ የለበትም? ካለበትስ የሚከፍለው ለማን ነው? ለሰጠው ሰው? ወይስ ከኋላው ለሚመጣው? ጥያቄውን ያገኘሁት ከፍልስፍና መጽሐፍ ሳይሆን ከድሬዳዋ ነው፤ ከዚራ አካባቢ ኮምፒዩተር ከሚጠግን አንድ ወዳጄ።

ወዳጄ ቴክኖሎጂ የለከፈው ሰው ነው። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ታይዋን ገበያ ጎራ ያለ ቀን ኪሱ ባዶ፣ ፌስታሉ ሙሉ ሆኖ ይመለሳል። ሰው ጫማ ሲገዛ እሱ ገመድ ይገዛል። የተበላሸ ዕቃ አይጥልም፤ ያልተበላሸውንም ውስጡን ካላየ እንቅልፍ አይወስደውም። ቤቱ የገባ እንግዳ አልጋው ጫፍ ላይ ለመቀመጥ መጀመሪያ ሁለት ማዘርቦርድ ማንሳት አለበት። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ከርራ ድሬ ሱቋን ዘግታ ጋደም ስትል፣ ከዚያም ግማሹ ሰው ለበርጫ ሲሰየም፣ እሱ ቬንትሌተሩን ወደ ኮምፒዩተሩ አዙሮ ራሱ በላብ ይጠመቃል። "አቦ እኔ እችለዋለሁ፤ እሱ ነው የማይችለው" ይላል።

ድሬዳዋ ለእንዲህ ዓይነት ሰው ትመቻለች። ራሷም የቴክኖሎጂ ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚያ ባይደርስ ኖሮ ዛሬ የምናውቃት ከተማ አትኖርም ነበር። ባቡሩ የሐረርን ዳገት መውጣት ስላልተመቸው ከሜዳው ላይ ቆመ፤ በቆመበትም ከተማ በቀለ። ከባቡሩ ጋር የጥገና ወርክሾፑ መጣ፤ ከወርክሾፑ ጋር ብረት ቀጥቃጩ፣ ቀያጩ፣ ኤሌክትሪሻኑ መጣ። ድሬዎች "ሸሚንደፈር" የሚሉት ያ የባቡር ድርጅት ለስንት ትውልድ ሙያ ትምህርት ቤት ሆኖ ኖረ። ከውጭ አልመጣ ያለውን መለዋወጫ ራሳቸው ቀርጸው፣ አሮጌውን ሎኮሞቲቭ ለዓመታት ያስኬዱ እጆች የወጡት ከዚያ ነው።

ነገር ግን ያ ሙያ እንዴት ነበር የሚተላለፈው? እዚህ ላይ ነው ከባሕላችን ጋር የምንተዛዘበው። "ሙያ በልብ ነው" እንላለን። ተረቱ መጀመሪያ የተነገረው ለትሕትና ይሆናል፤ አትፎክር፣ ሥራህ ይናገር ለማለት። እኛ ግን ለሌላ ጉዳይ አዋልነው። በየጋራዡ፣ በየእንጨት ቤቱ፣ በየወርቅ ቤቱ ረዳት ሆኖ ያደገ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። ጌታው ዋናውን ብሎን ሊፈታ ሲል፣ ወይም ቅመሙን ሊለካ ሲል፣ ድንገት ሻይ ያምረዋል። "አንተ፣ እስቲ ሮጥ በልና ሻይ ይዘህ ና" ይላል። ልጁ ሻዩን ይዞ ሲመለስ ዕቃው ተገጥሟል፣ ሞተሩ ይሠራል። ልጁ ከሻይ ቤቱ መንገድ በቀር የተማረው የለም።

ይህን በክፋት ብቻ የምንፈርጀው ነገር አይደለም። ጌታው ጡረታ የለውም፤ ንብረቱ ሙያው ነው። ዛሬ ያስተማረው ልጅ ነገ ማዶ ሱቅ ከፍቶ ደንበኛውን እንደሚወስድበት ያውቃል። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። ውጤቱ ግን ከፍርሃቱ ይከፋል። ሙያ በልብ ብቻ ከኖረ፣ ልብ ሲቆም ሙያውም አብሮ ይቆማል። የአሮጌው ባቡር ሠራተኞች በየጊዜው ወደ መቃብር ሲሸኙ አብሮ የተቀበረውን ዕውቀት ማን ቆጠረው? አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን ሲጀምር የሚያንቀሳቅሱት የቻይና ኩባንያዎች ነበሩ። የመቶ ዓመት የባቡር ልምድ ያላት ከተማ እንደገና ከፊደል ጀመረች።

አሁን ወደ ወዳጄ ፍቅር፣ ወደ "ኦፕን ሶርስ" ልመለስ። ለማያውቀው ሰው ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ። ኮምፒዩተር የሚሠራው በተጻፈለት ትእዛዝ ነው። ትእዛዙን የጻፈው ኩባንያ አብዛኛውን ጊዜ ዋናውን ጽሑፍ ደብቆ ውጤቱን ብቻ ይሸጥልናል። ወጡን ትበላላችሁ፤ አሠራሩን ግን አታዩም፣ ጨው ቢያንሰውም አትጨምሩም። ኦፕን ሶርስ የሚባለው ከወጡ ጋር አሠራሩንም ጽፎ የሚሰጥ ነው። እዩት፣ ቀይሩት፣ አባዙት፣ ለሌላም ስጡት ይላል።

የዚህ አስተሳሰብ መነሻም እንደኛ ጋራዥ ያለ ታሪክ አለው። ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል አሜሪካዊ በኤም አይ ቲ ቤተ ሙከራ ሲሠራ፣ ከዜሮክስ ኩባንያ የተሰጣቸው ማተሚያ ወረቀት እየነከሰ ያስቸግራቸው ነበር። የቀድሞው ማተሚያ ሲቸገር ለሠራተኛው እንዲያሳውቅ ፕሮግራሙን ራሳቸው አሻሽለውት ነበር። የአዲሱ ፕሮግራም ግን ተደብቋል። ስቶልማን ጽሑፉ በሌላ ዩኒቨርሲቲ አንድ ሰው ዘንድ እንዳለ ሰምቶ ሄዶ ጠየቀው። ሰውዬው "አልሰጥህም፤ ለማንም ላለመስጠት ቃል ገብቻለሁ" አለው። ስቶልማን ገርሞት ወጣ። ባልንጀራህን ላለመርዳት መፈረም! እ.ኤ.አ. በ1983 "ነፃ ሶፍትዌር" የሚለውን እንቅስቃሴ ሲጀምር ይህ ነገር ከአእምሮው አልወጣም ነበር። በ1991 ደግሞ ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ተማሪ ሊኑክስ ያለውን ሥራውን ለዓለም ለቀቀ። ዛሬ የአንድሮይድ ስልኮቻችን ሁሉ ከሥር የቆሙት በሊኑክስ ላይ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን ተረታችንን ፈረንጆቹ በተግባር አሳዩን ማለት ነው።

ታሪኩ ድሬ የደረሰው በፖስታ ነው። ኡቡንቱ የተባለው ሊኑክስ፣ ማርክ ሻትልወርዝ በሚባል ደቡብ አፍሪካዊ ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲጀመር፣ ለጠየቀው ሁሉ ሲዲውን እስከ አገሩ በነፃ ይልክ ነበር። ይህ ልግስና እስከ 2011 ቆይቷል። ወዳጄ በፖስታ ሳጥን ቁጥሩ አሥር ሲዲ አዝዞ መጣለት። ፖስታ ቤቱ በራፍ ላይ ያየሁትን ደስታ በሠርጉም ቀን አላየሁበትም። በማግስቱ ለደንበኞቹ ማደል ጀመረ። ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ? የሚቀበለው አጣ። "በነፃ? ምን ጎደለው?" ይሉታል። እነዚያው ሰዎች ማዶ ተሻግረው የተሰረቀ ዊንዶውስ በገንዘባቸው ገዝተው ይመለሳሉ።

ሳቅንበት፤ ግን ነገሩ የሚያስቅ ብቻ አይደለም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ የሰው ሥራ ያለ ፈቃድ ማባዛት ወንጀል መሆኑን ሁላችንም ሰምተናል። ወዳጄን የሚያናድደው ግን ወንጀልነቱ ብቻ አይደለም። "የሰረቀው ሰውዬ እኮ ባለቤት አልሆነም" ይላል። "የተቆለፈ ሳጥን ሰርቆ ቤቱ አስገባ፤ ቁልፉ ግን አሁንም ፈረንጁ ጋ ነው። ይሄኛው ግን ከነቁልፉ ነው የተሰጠን።" አየር ላይ የተንሳፈፈው ጥያቄዬ መሬት የረገጠልኝ ያን ጊዜ ነው። የተሰረቀው ዲስክ በነፃ ነው፣ ወይም በነፃ ያህል ነው፤ ነፃ ግን አይደለም። ሌባውን የባሰ ጥገኛ ያደርገዋል። የተሰጠው ዲስክ ግን ተቀባዩን ነገ ሰጪ ሊያደርገው ይችላል።

ከወዳጄ ፍቅሮች ሁለተኛው በኢንተርኔት መደወል ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ይከርራል፤ ምክንያቱም ሕግ አለበት።

በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 281 በኢንተርኔት አማካይነት የድምፅ ግንኙነት ማድረግን ከልክሎ ነበር። ሰጪውንም፣ ተጠቃሚውንም። አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2003፣ ስካይፕ ተፈጠረ። ዓለም በኢንተርኔት ፊት ለፊት እየተያየ ማውራት ሲጀምር እኛ ዘንድ ነገሩ በሹክሹክታ ሆነ። ድሬ ደግሞ ቤተሰቡ የተበተነ ከተማ ነው። ጅቡቲ ያለ አለ፣ የመን ያለ አለ፣ ጂዳ ያለ አለ፣ ቶሮንቶ ያለ አለ። መደበኛው ዓለም አቀፍ ጥሪ ለእናት ኪስ እሳት ነበር። ስለዚህ በየኢንተርኔት ቤቱ ጥግ ጥግ ላይ ማዳመጫ የተንጠለጠለባቸው ኮምፒዩተሮች ነበሩ። እናት ነጠላዋን ተከናንባ ትገባለች፤ ማዳመጫው ነጠላው ሥር ይገባል። መስመሩ ቀርፋፋ ነው፤ "ሃሎ" ብላ ጨርሳ፣ "ሰማኸኝ?" ብላ፣ ድምፁ እስኪመለስ ትጠብቃለች። ልጇ ሲመልስ ታለቅሳለች፤ ጮክ ብላ እንዳታለቅስ ግን የቤቱ ልጅ ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደርጋል። ለቅሶን እንኳ ዝቅ አድርጉ የተባለበት ዘመን ነበር።

ወዳጄ በዚያ ዘመን የስንቱን እናት ማዳመጫ እንዳስተካከለ እኔ ነኝ የማውቀው። ቆየት ብሎ ከአሜሪካ የመጡ ዘመዶች ማጂክ ጃክ የምትባል አውራ ጣት የምታህል ዕቃ ያመጡ ጀመር። ኮምፒዩተር ላይ ትሰካለች፤ ስልክ ይያያዝባታል፤ ድሬ ተቀምጠህ የአሜሪካ ቁጥር ይኖርሃል። ልጅ ከሜሪላንድ ሲደውል ጎረቤቱ እንደደወለ ነው የሚቆጠርለት። ወዳጄ አንዷን ሲፈታት ለሦስት ቀን ምግብ አልበላም።

በኋላ ከአስቴሪስክ ጋር ተዋወቀ። ይህን ፕሮግራም የጻፈው ማርክ ስፔንሰር የሚባል አሜሪካዊ ተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ለትንሿ ድርጅቱ የስልክ ማዞሪያ መግዛት ቢያቅተው ራሱ ጻፈውና ለዓለም በነፃ ለቀቀው። አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር በዚህ ፕሮግራም እንደ ቴሌ ማዞሪያ ይሆናል። ወዳጄ ሱቁ ውስጥ ሁለት ስልክ ዘርግቶ ከዚህ ጠረጴዛ ወደዚያኛው ጠረጴዛ ይደውልና "ሃሎ፣ ጋሽ እኔ ነኝ!" እያለ ይስቃል።

ወሬው ወጣ። አንድ ቀን ደህና ገንዘብ ያለው አንድ ነጋዴ ሱቁ መጣ። ሲም ቦክስ የሚባለውን ነገር እንዲያቆምለት ነው የፈለገው። ከውጭ የሚደወል ስልክ ሲደርሳችሁ በውጭ ቁጥር ፈንታ በ09 የሚጀምር የአገር ውስጥ ቁጥር ያያችሁበት ጊዜ የለም? ያ ነው። ጥሪው በኢንተርኔት ተጉዞ አንድ ቤት ውስጥ የተደበቀ፣ ብዙ ሲም የተሰካበት ሳጥን ጋ ይደርሳል፤ ከዚያ የአገር ውስጥ ጥሪ መስሎ ይወጣል። ከዓለም አቀፉ ጥሪ ለአገር መግባት የነበረበት ገንዘብ ለሳጥኑ ባለቤት ይገባል። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 በ2004 ዓ.ም. ሲወጣ ዋና ዒላማው ይኸው ነበር፤ በኢንተርኔት የስልክ አገልግሎት ለሚሰጥ ከ3 እስከ 8 ዓመት ጽኑ እስራት አስቀምጧል።

ነጋዴው ሞኝ አልነበረም። የወዳጄን ልብ ያውቃል። "አንተ እኮ ለሕዝብ ነው የምትሠራው" አለው። "እናቶችን በነፃ ስታገናኝ ኖረሃል። ያም በሕግ የተከለከለ ነው፣ ይሄም የተከለከለ ነው። ምን ለየው? እንዲያውም እኔ ስገባበት የጥሪው ዋጋ ለሁሉም ይቀንሳል። ፕሮግራሙም የተሰጠ ነው፣ ከማንም አልሰረቅክም።"

ወዳጄ መልስ አጥቶ አደረ። ለእኔም ነገረኝና ሁለታችንም መልስ አጥተን አመሸን። ምክንያቱም ነጋዴው ከተናገረው ውስጥ ውሸት የለበትም ነበር። ሕግን ማክበር ነው መለኪያው ካልን የነጠላዋ እናትም ወንጀለኛ ናት። መጥቀም ነው መለኪያው ካልን ነጋዴውም ይጠቅማል። መደበቅ ነው ነውሩ ካልን እሷም ተደብቃለች።

መልሱን በሦስተኛው ቀን ወዳጄ ራሱ አገኘው። ለነጋዴው እንዲህ አለው፦ "ጋሼ፣ ነገ ጠዋት መንግሥት 'በኢንተርኔት መደወል ተፈቅዷል' ብሎ ቢያውጅ እናትየዋ እልል ትላለች። እርስዎ ግን ይከስራሉ። ልዩነታችን ይሄ ነው።" ነጋዴው ተናዶ ሄደ።

ስለዚህ ንግግር ለዓመታት አስቤበታለሁ። የተዘጋ በር ሁለት ዓይነት ሰው ይሰበሰብበታል። አንዱ በሩ እንዲከፈት የሚፈልግ ነው፤ እስኪከፈት ግን በአጥር ቀዳዳ ልጁን ያናግራል። ሌላው ቀዳዳውን ተቆጣጥሮ ቀረጥ የሚሰበስብ ነው፤ እሱ የበሩ መዘጋት ወዳጅ ነው። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም አጥሩ ሥር የቆሙ ናቸው። የተሰረቀ ዲስክ ሻጩም እንደ ሁለተኛው ነው፤ ሁሉም ሰው ነፃውን ፕሮግራም መጠቀም ቢያውቅ ገበያው ይዘጋል። ረዳቱን ሻይ የሚልከው ባለሙያም፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ከዚያው ሰፈር ነው። የሚበላው ከራሱ ዕውቀት ብቻ አይደለም፤ ከልጁ አለማወቅም ነው።

ይህን ስል የነጠላዋን እናት ቅድስት፣ ሕጉን ያወጡትን ሰይጣን ማድረጌ አይደለም። የመንግሥት ክርክርም ቀላል አልነበረም። ከውጭ ጥሪ የሚገኘው ገቢ ነው ለገጠሩ መስመር የሚዘረጋው፤ እሱ ካመለጠ ማን ይዘረጋል? ይባል ነበር። ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን የአንድን አገር መስመር ለመዘርጋት እናት ልጇን እንዳታናግር መከልከል ደግሞ መጠኑን ያለፈ ነበር፤ ጊዜም መሰከረ። በ2004 ዓ.ም. አዋጁ ሲነጋገርበት መንግሥት ራሱ ዓላማው በግሉ ስካይፕ የሚጠቀመውን ሰው መክሰስ እንዳልሆነ ማብራራት አስፈልጎታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 ገበያውን ከፈተ። ሁለተኛው ኦፕሬተር ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የሙከራ አገልግሎቱን ሲጀምር የመጀመሪያዋ ከተማ ማን ሆነች? ድሬዳዋ! ዛሬ ያቺ እናት መንገድ ዳር ቆማ በዋትስአፕ፣ በቴሌግራም፣ በኢሞ የልጅ ልጇን ፊት እያየች ትስቃለች። ስካይፕ ራሱ በ2017 ዓ.ም. ተዘግቶ ታሪክ ሆነ።

የወዳጄ ሦስተኛ ፍቅር ጉባኤ ነው። ወርክሾፕ፣ ኮንፈረንስ፣ ኤግዚቢሽን በተባለበት አይቀርም። ከድሬ ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዞ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ፊቱን ታጥቦ አዳራሽ ይገባል። የአንገት ባጆቹን ሱቁ ውስጥ እንደ ሜዳሊያ ሰቅሏቸዋል። በእኛ አገር ጉባኤ ላይ ዕውቀት ሲከፋፈል እምብዛም አይታይም፤ አበል፣ ቦርሳና ቲሸርት ግን በእኩል ይከፋፈላል። አንድ ጊዜ "የዕውቀት ሽግግር" በሚል ርእስ ማራኪ ገለጻ ካቀረቡ ባለሙያ ዘንድ ሄዶ ፋይሉን በፍላሽ እንዲሰጡት ለመነ። "ኢሜይልህን ጻፍልኝ፣ እልክልሃለሁ" አሉት። ይኸው እስከ ዛሬ እየመጣ ነው። ሙያ በልብ ነው!

ትልቁም ጉባኤ ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። በኅዳር 2015 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የኢንተርኔት አስተዳደር ጉባኤ አዲስ አበባ ተደርጎ ነበር። ማንም ከኢንተርኔት ውጭ እንዳይቀር ብዙ ተባለ። በዚያው ሰዓት አብዛኛው የትግራይ ሕዝብ በጦርነቱ ምክንያት ስልክና ኢንተርኔት ከተቋረጠበት ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ልጇ በሕይወት ይኑር አይኑር ያላወቀች እናት ከአዳራሹ ውጭ ነበረች። ድሬ ላይ በነጠላ ተከናንባ ያለቀሰችው እናት ቢያንስ ድምፅ ሰምታለች። ስለ መከፈት ስንናገር በሩ የተዘጋበትን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየን ካልሆነ ንግግራችን ከባጁ ጋር ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።

አሁን ከባዱን ተቃውሞ ላንሳ። "ኦፕን ሶርስ የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው፤ የተራበ ሰው ምን ይስጥ?" የሚል አለ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ ግማሹ እንዲህ ነው፦ ክፍት መሆን ማለት አለመሸጥ ማለት አይደለም። ነፃው ፈቃድ መሸጥን አይከለክልም፤ ከከለከለም የሚከለክለው መቆለፍን ነው። ሬድ ሃት የተባለው ኩባንያ ክፍት ፕሮግራም ላይ አገልግሎት እየሸጠ አድጎ እ.ኤ.አ. በ2019 አይ ቢ ኤም በ34 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል። ግማሹ መልስ ግን መራራ ነው። ወዳጄ ያለ ሻይ መላክ ካስተማራቸው ልጆች ሁለቱ ፊት ለፊቱ ሱቅ ከፍተዋል። ደንበኛ ወስደውበታል። ያ ጋሽ መካኒክ የፈራው ነገር በወዳጄ ላይ ደርሷል። ሲጠየቅ "አቦ ገበያው ነው የቀነሰ፤ ዕውቀቱ አልቀነሰብኝ" ይላል። ሚስቱ ግን በዚህ መልስ አትስቅም። የቤት ኪራይ በዕውቀት አይከፈልም። ክፍት እጅ ዋጋ አለው፤ የለውም ብሎ የሚሰብክ ሰው አንድም አልሰጠም፣ አንድም ኪራይ አይከፍልም።

ታዲያ ለምን ይሰጣል? መልሱ እነሆ ይህ የምታነቡት ፊደል ውስጥ አለ። ግዕዝ ፊደል ኮምፒዩተር ውስጥ ሲገባ በመጀመሪያው ዘመን እያንዳንዱ ሶፍትዌር የየራሱ ስውር ቁጥር ነበረው። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት አራት ማዕዘንና ጥንቆላ የመሰለ ምልክት ይሆን ነበር። ፊደላችንም በልብ ነበር! ዳንኤል ያዕቆብን የመሳሰሉ ሰዎች ለዓመታት ደክመው ፊደሉ እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የጋራ መዝገብ ገባ፤ በ2005 ደግሞ ተጨማሪ ፊደላት ተካተቱ። ዛሬ ከድሬ የተላከ የአማርኛ መልእክት ቶሮንቶ እንደተጻፈ የሚነበበው ለዚህ ነው። ለዚህ ማናችንም ሳንቲም አልከፈልንም። የአብዛኞቻችን አፍ ምስጋና እንኳ አላወጣም።

ዕዳው ያለው እዚህ ነው። ለሰጠን ሰው መክፈል አንችልም፤ ብዙውን አናውቀውም፤ ቢያገኘንም ክፍያ አይቀበልም። ዕዳው የሚከፈለው ወደ ፊት ነው፣ ለሚመጣው። ፕሮግራም መጻፍም ግድ አይደለም። የአማርኛው ዊኪፒዲያ ከሃያ ዓመት በኋላም መጣጥፎቹ ወደ 15 ሺሕ ገደማ ናቸው፤ የእንግሊዝኛው በሚሊዮን ይቆጠራል። ስለ ከዚራ ዛፎች፣ ስለ ደቻቱ ወንዝ፣ ስለ ሸሚንደፈር ወርክሾፕ አንድ ገጽ ለመጻፍ የኮምፒዩተር ሊቅ መሆን አያስፈልግም። የሚያውቁት አዛውንት ገና በሕይወት ሳሉ ጠይቆ መጻፍ ብቻ ነው። እኛ ግን ሌሊቱን ሙሉ ስናወርድ እናድራለን፤ አንድ መስመር ስንጭን አንታይም።

በነፃ መቀበል ነውር አይደለም። ሁላችንም ከእናት ጡት ጀምሮ በነፃ ተቀባዮች ነን። ነውሩ የተቀበሉትን ከነቁልፉ ወስዶ በሩን ከውስጥ መዝጋት ነው። ክፍት ሆኖ የተሰጠንን ክፍት አድርገን ካላሳለፍነው፣ በነፃ አገኘነው እንጂ ነፃ ሰዎች አልሆንንም።

ስለዚህ ወገን፣ ነገ አንድ ልጅ አጠገባችሁ ቆሞ "እንዴት ነው የሠራኸው?" ብሎ ከጠየቃችሁ ሻይ አትላኩት። ከተጠማችሁም አብራችሁ ሄዳችሁ ጠጡ፤ ብሎኑን ግን እሱ እያየ ፍቱት።